ተኩሱን ማን ይስማ?

በፊልም የምናየው ሳይለንሰር «ፒው» ብሎ ያልፋል። እውነተኛው እንደዛ አይደለም። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ማፈኛ ድምፁን በአብዛኛው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 160 ዴሲቤል ከሚደርስ ተኩስ ላይ ይህን ስትቀንሱ የሚቀረው አሁንም ጩኸት ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 ማፈኛን በምዝገባና በ200 ዶላር ግብር አጠረችው። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ግብሩ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን አልቀረም። በፊንላንድና በኖርዌይ የአዳኞች የተለመደ ዕቃ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የቅጠል ኮሽታ ማዳመጥ ያለበት ሰው ጆሮውን ደፍኖ ማደን ይከብደዋል።

የሚቃወሙት «ለእንስሳው ፍትሐዊ አይደለም» ይላሉ። እስቲ አስቡት፦ የአደን ጠመንጃ ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ከድምፅ ይፈጥናል። አጋዘኑ ተኩሱን ከመስማቱ በፊት ተመቷል። ጩኸቱ እሱን አስጠንቅቆት አያውቅም። የሚሰሙት ሌሎች ናቸው፦ መንጋው፣ በጫካው የሚያልፍ መንገደኛ፣ ሕገወጥ አዳኝ የሚከታተል ጠባቂ።

ስለዚህ ጥያቄው የፍትሕ ሳይሆን የምስክር ነው። ነፍስ ሲጠፋ ሰሚ ይኑር ወይ? እኔ ይኑር ባይ ነኝ። ግን የምስክርነቱን ዋጋ ለምን የአዳኙ ጆሮ ይክፈል? ፈቃድ አለ፣ የሚታደነው እንስሳ ብዛት ገደብ አለው፣ የገደሉትን ማሳወቅ አለ። እነዚህ በደንብ ከሠሩ ማፈኛው ይፈቀድ፤ ካልሠሩ ደግሞ ጩኸቱ ብቻውን ማንንም አያድንም።

ድምፁ ስለቀነሰ ግን ግዴታው አይቀንስም። ያቆሰሉትን እንስሳ ደሙን ተከትሎ ማግኘት፣ ስቃዩን ማሳጠር፣ የገደሉትን አለመደበቅ። ማንም ባይሰማም።