ስለ ንባብና ስለ ኅሊና

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ በወደቁባትና ስማቸውን በወረሰችው በመተማ ዮሐንስ፥ የቆላው ሙቀት ሳይበረታ ገና በማለዳ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው የሚደግሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ መንገደኛ እጅ ሲነሣቸው ራሳቸውን ዘንበል ከማድረግ በቀር ከንፈራቸው አያርፍም። ትምህርት የቀመሰ አንድ ወጣት «አባቴ፥ ግእዙን ሳያውቁት ይህን ያህል መድከም ምን ይረባል? ጥቂት አንብቦ ብዙ ማሰላሰል አይሻልም?» ቢላቸው፥ «ልጄ፥ እኔ ባላውቀው ሰሚው ያውቀዋል» ብለው ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

መልሱ ለጸሎት ይበቃል፤ ወጣቱ ግን የጠየቀው ስለ ማሰላሰል ነበርና ጥያቄው ሳይነካ ቀረ።

ጠቡ የእነርሱ ብቻ አይደለም። በመዝሙረ ዳዊት መጀመሪያ ብፁዕ የተባለው ሰው በሕገ እግዚአብሔር ቀንና ሌሊት የሚያደርገውን ግእዙ «ያነብብ» ሲል፥ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው አማርኛ «ያስባል» ይላል። ላቲኑ በዚያ ስፍራ ያኖረው፥ ኢጣልያኖች «መዲታሬ»፥ እስፓኞች «መዲታር»፥ ፈረንሳዮች «ሜዲቴ» እያሉ የወረሱት ግሥ ዛሬ ዝም ብሎ ማሰብን ቢያመለክትም፥ በጥንት ሮማውያን አንደበት መለማመድንና መላልሶ ማጥናትን ጭምር የያዘ ነበር፤ ሩማንያውያንም ተማሪን ለብቻው ማስጠናትን እስከ ዛሬ በዚሁ ግሥ ይጠሩታል። ከመተማ ድንበር ማዶ ሱዳኖች የቁርኣን ትምህርት ቤታቸውን ኸልዋ ይሉታል፤ ስሙ ከሰው ተለይቶ ለብቻ መቀመጥ ሲሆን፥ ሕፃናቱ ግን የእንጨት ሰሌዳቸውን ታቅፈው በታላቅ ድምፅ በአንድነት ይቀራሉ። ስለዚህ ማሰላሰል በከንፈር ይጀምራል ለማለት እደፍራለሁ፤ ልቤም፥ አልሸሽገውም፥ ወደ ሽማግሌው ያደላል።

ነገር ግን የማይገባውን ቃል የሚደግም ሰው የሚያሰላስለው ምኑን ነው? የአብነቱ ሥርዓት አንድ መልስ አለው፤ ልጁ ፊደል ቈጥሮ፥ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፥ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ አልፎ ዳዊት ይደግማል፥ ትርጓሜውን የሚሰማው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና፥ ከብት ቀን የጋጠውን ማታ ተኝቶ እንደሚያመሰኳ፥ አፍ አስቀድሞ የሰበሰበውን ልብ በጊዜው ይፈጨዋል። መልሱ ያማረ ነው፤ የሚያገለግለው ግን ትርጓሜው ከሚሰማበት ከመጽሐፍ ቤት ለሚደርሰው ጥቂት ሰው ነው። የሚበዛው ዳዊት ደጋሚ ከንባብ ቤት ወደ እርሻው፥ በመተማ ከሆነም ወደ ሰሊጡ የተመለሰ ነው፤ ለእርሱ ያ ማታ አልመጣለትም።

እንዲህም ሆኖ ግእዝ ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ምሕረት፥ ኃጢአት፥ ነፍስ፥ ልብ የሚሉትን ማንም ያውቃቸዋል። ሽማግሌው አንዳንድ ስፍራ ሲደርሱ፥ ሳይሳሳቱ፥ ያለፉትን መስመር ተመልሰው ቀስ ብለው ያነቡታል፤ አንዲት የሚያውቋት ቃል ይዛቸው ይሆናል፤ መላው መዝሙር ባይገባቸውም በእርሷ ላይ መቈየታቸውን ከማሰላሰል ማን ይለየዋል?

የዳዊትን 150 መዝሙር በ15 ንጉሥ ከፍሎ፥ ዛሬ ይህን ያህል ንጉሥ ጨረስሁ እያለ የሚቈጥረው፥ የትም ስፍራ የማይመለሰው፥ ቃሉን በቃሉ ስለያዘ ዓይኑ ገበያተኛውን የሚከተለው ደጋሚ ግን አለ። እርሱን ከሽማግሌው ጋር አንድ አድርጌ ልሟገትለት ብነሣም አልሆነልኝም፤ ወጣቱ ጥያቄውን ለዚህ ሰው አቅርቦለት ቢሆን ኖሮ እኔም ከወጣቱ ጋር በቆምሁ ነበር።