ስለ ሰይፍ ሥልጣንና በጥርጣሬ ስለሚፈስ ደም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ከባድና ሕሊናን የሚያስጨንቅ ነው። ይኸውም ሕዝብን በቦምብ ሊፈጅ ነው ተብሎ የተጠረጠረውን ሰው፥ ጥፋቱ በፍርድ ሸንጎ ሳይረጋገጥ፥ የመንግሥት ፖሊስ ተኵሶ ሊገድለው ይገባዋልን ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከማውጣትና ከማውረድ በእውነት በተደረገ ታሪክ ላይ አቁሞ ማየት ይሻላልና፥ አስቀድመን ታሪኩን እንናገራለን፤ ከዚያም በኋላ በቅዱሳት መጻሕፍት መስተዋትነት እንመለከተዋለን።

ሰኔ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005) በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ አራት ሰዎች በጀርባቸው ያነገቱትን ቦምብ አፈንድተው፥ ሦስቱ በምድር ውስጥ ባቡር፥ አንዱም በአውቶቡስ ላይ፥ ከራሳቸው ጋር 52 ሰዎችን አጠፉ። የሞቱት ማልደው ወደ ሥራቸው የሚሄዱ፥ ከገዳዮቻቸው ጋር አንዳች ጠብ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፥ ሐምሌ 14 ቀን፥ ሌሎች አራት ሰዎች ያንኑ ጥፋት ሊደግሙ ተነሡ፤ ነገር ግን ቦምቦቹ እንደታሰበው ሳይፈነዱ ቀሩ፤ ሰዎቹም አመለጡ። በዚያች ሌሊት ከተማይቱ በምን ዓይነት ፍርሃት እንዳደረች ለመገመት አያዳግትም።

ፖሊሶች ተፈላጊዎቹ ጥለውት በሄዱት ከረጢት ውስጥ ካገኙት መታወቂያ ተነሥተው ከአራቱ የአንዱን አድራሻ አገኙ። ይህም ተፈላጊ ትውልዱ ከአገራችን ከኢትዮጵያ ነበር። ቤቱ ግን ለብቻው የቆመ ቤት ሳይሆን፥ ብዙ ሰዎች በአንድ በር የሚወጡበትና የሚገቡበት ፎቅ ነበር። በማግሥቱ ዐርብ፥ ሐምሌ 15 ቀን ጧት፥ ከዚሁ በር አንድ ሰው ወጣ። ይህ ሰው ዕድሜው 27 ዓመት የሆነ፥ ከብራዚል አገር የመጣ፥ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የሚተዳደር ሰው ነበር። ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ተፈላጊው እርሱ ይሁን አይሁን ለይተው አላወቁም፤ መሣሪያ የታጠቁትም ፖሊሶች ገና በቦታው አልደረሱም ነበር። ሰውየውም በአውቶቡስ ተሳፍሮ ብሪክስተን ወደሚባለው የባቡር ጣቢያ ሄደ፤ ጣቢያው ተዘግቶ ቢያገኘው እንደ ገና በአውቶቡስ ተሳፍሮ ስቶክዌል ወደሚባለው ጣቢያ ደረሰ፤ ጋዜጣም አንሥቶ ወርዶ በባቡሩ ውስጥ ተቀመጠ። ይህ ሁሉ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ያን ጊዜ የታጠቁት ፖሊሶች ደርሰው እየሮጡ ገቡ፤ አንድ ሌላ ፖሊስ በክንዶቹ አቅፎ ይዞት ሳለ፥ ከቅርብ ሆነው ሰባት ጥይት በራሱ ላይ፥ አንድ ጥይትም በትከሻው ላይ ተኰሱ። በኋላ ሲመረመር ቦምብም፥ መሣሪያም፥ ከነገሩም ጋር አንዳች ግንኙነት ያልነበረው ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የተነሣ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ተከራከሩ። የፊተኞቹ እንዲህ ይላሉ፦ ቦምብ የታጠቀ ሰው እንደ ሌላው ወንጀለኛ አይደለም፤ እጁን ለማንቀሳቀስ ጊዜ ካገኘ እርሱም፥ ሊይዘው የቀረበው ፖሊስም፥ በዙሪያው ያለውም ሕዝብ አብረው ያልቃሉ፤ ደረቱን ቢመቱት ቦምቡ ይፈነዳል፤ አስቀድመው ቢያስጠነቅቁት ራሱ ያፈነዳዋል፤ ስለዚህ ራሱን ከመምታት በቀር ሌላ መንገድ የለም። የለንደን ፖሊስም መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. (2001) በአሜሪካ ከደረሰው እልቂት በኋላ ያዘጋጀው መመሪያ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። ኋለኞቹ ደግሞ ሰው ሁሉ በዳኛ ፊት ቆሞ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ሊቈጠር ይገባዋል፤ ፖሊስ በአንድ ጊዜ ከሳሽም፥ ዳኛም፥ ቀጪም ሊሆን አይችልም ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ስለዚህም ነገሩ በችኰላ የሚወሰን አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 13 ባለሥልጣን ሰይፍ የያዘው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ፥ በክፉ አድራጊ ላይም የእግዚአብሔር አገልጋይ እንደ ሆነ ያስተምራል። ስለዚህ ሰይፍ ያዥነትን ፈጽሞ የሚነቅፍ ሰው ከሐዋርያው ትምህርት ይወጣል። ነገር ግን አገልጋይ ከተባለ ጌታ አለው ማለት ነው፤ ጌታ ያለውም አገልጋይ የጌታውን ሥራ በጌታው ሥርዓት ይሠራል እንጂ እንደ ወደደ አይሠራም። እንግዲህ የሰይፍ ጌታ እርሱ ራሱ እንዴት ይፈርዳል ብለን እንጠይቅ።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 የሰዶምና የገሞራ ጩኸት ወደ እግዚአብሔር በደረሰ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ሥራቸው እንደ ጩኸቱ እንደ ሆነ ወርዶ ሊያይ እንደ ፈቀደ ተጽፎአል። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ለማወቅ መውረድ የሚያስፈልገው ሆኖ አይደለም፤ የምድር ዳኞች በወሬና በጩኸት ብቻ እንዳይፈርዱ ሥርዓት ሲሠራላቸው ነው እንጂ። አብርሃምም ጻድቁ ከኃጥኡ ጋር እንዳይጠፋ ከኀምሳ ጀምሮ እስከ ዐሥር ድረስ ሲለምን፥ እግዚአብሔር አልተቈጣውም፤ ታግሦ ሰማው። በምዕራፍ 19ም መላእክት የሎጥን እጅ ይዘው ከከተማይቱ እስኪያወጡት ድረስ እሳቱ አልወረደም። ወንድሞቼ ሆይ፤ ይህን አስተውሉ፤ ጥፋቷ በተረጋገጠባት ከተማ ላይ እንኳ ንጹሑ ተለይቶ ሳይወጣ የፍርዱ እሳት ተከለከለ።

ዳግመኛም በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ለነገራችን ቅርብ የሆነ ሕግ አለ። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ ቢመታና ቢሞት፥ በመታው ሰው ላይ የደም ዕዳ አይሆንበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢገድለው ግን የደም ዕዳ ይሆንበታል። ሌባው ያው ሌባ፥ ቤቱም ያው ቤት ሲሆን ስለ ምን በሌሊትና በቀን ተለያየ? በሌሊት ባለቤቱ የመጣው ሊሰርቅ ይሁን ሊገድል ሊያውቅ አይችልም፤ የሚረዳውም ሰው የለም፤ በቀን ግን ያያል፤ ይለያል፤ ጎረቤት ጠርቶ ሊያስይዝ ይችላል። እንግዲህ የእግዚአብሔር ሕግ የሚጠይቀው የሟቹን ክፋት ብቻ ሳይሆን፥ ገዳዩ ምን ለማየት ይችል እንደ ነበረ ጭምር ነው።

ይህን ሕግ ወደ ስቶክዌል ጣቢያ እናምጣው። በባቡሩ ውስጥ ለተኰሱት ፖሊሶች ያች ቅጽበት ሌሊት ነበረች። ተፈላጊው እርሱ ነው ብለው አምነው ገቡ፤ ልባቸውን መርምሮ የሚፈርድ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሠላሳ ደቂቃ ግን ቀን ነበረ። ሰውየው ከበሩ ሲወጣ፥ በመንገድ ሲሄድ፥ አውቶቡስ ሲጠብቅ፥ ከአውቶቡስ ወርዶ ተመልሶ ሲሳፈር፥ ቀርቦ ማንነቱን ለመለየት ጊዜ ነበረ። ቦምብ ታጥቆአል ተብሎ ከተፈራ ሕዝብ በተሞላበት አውቶቡስ ላይ እንዲሳፈር እንዴት ተተወ? ቦምብ ለመታጠቁ ማስረጃ ካልነበረ ደግሞ በባቡሩ ውስጥ ለምን ተገደለ? ስለዚህ ኀጢአቱ የተሠራው ቃታ በተሳበባት ቅጽበት ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ወደዚያች ቅጽበት እንዲደርስ ችላ በተባለበት ጊዜ ሁሉ ነው። በቀን ሊያዩ ሲችሉ ሳያዩ ቀርተው ሌሊትን በገዛ እጃቸው ያመጡ አዛዦች፥ የሌሊቱን ሕግ ለመከላከያ ሊጠቅሱ አይችሉም።

አንዳንዶች ከብዙ ሰው ሞት የአንድ ንጹሕ ሰው ሞት ይሻላል ብለው ያጽናናሉ። ዳሩ ግን ይህን ምክር አስቀድሞ የመከረ ማን እንደ ሆነ እናስታውስ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ስለ ሕዝቡ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብሎ በሸንጎ የተናገረው ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ ነው። እግዚአብሔር ያን ቃል ለድኅነታችን ትንቢት አደረገው፤ የቀያፋን ምክር ግን ጽድቅ አላደረገውም። ክርስቲያን የሆነ ሰው የንጹሕ ሰው ደም የሚገባውን ዋጋ በቍጥር አያወጣም።

ሥራው የማይቻል እንዳልነበረም ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። ቦምቡን ያፈነዱ ዘንድ የሞከሩት አራቱ እውነተኛ ተፈላጊዎች ሁሉም በሕይወት ተያዙ። አንዱ ሐምሌ 20 ቀን በበርሚንግሃም ከተማ ከረጢት በጀርባው እንዳነገተ ተገኝቶ ሳለ፥ በኤሌክትሪክ በሚያደነዝዝ መሣሪያ ተመትቶ ተያዘ። ሁለቱ ሐምሌ 22 ቀን በለንደን ከነበሩበት ቤት ልብሳቸውን አውልቀው እንዲወጡ ታዘው ወጥተው ተያዙ። አራተኛውም፥ ያ ብራዚላዊ ስለ እርሱ የሞተለት ሰው፥ በዚያው ቀን በሮማ ከተማ ተይዞ ኋላ ወደ ለንደን ተላከ። በ1999 ዓ.ም. (2007) አራቱም በዳኛ ፊት ቆመው እያንዳንዳቸው ከ40 ዓመት በማያንስ የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደባቸው። እንግዲህ በደለኞቹ በሕይወት ተይዘው ሲፈረድባቸው፥ በጥይት የሞተው ንጹሑ ብቻ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታችን ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ ሲያስተምር፥ የባለቤቱ አገልጋዮች እንክርዳዱን ለመንቀል ሲቸኵሉ ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉ ያስጠነቀቀው እንዲህ ያለውን ችኰላ የሚያስታውስ ነው።

እንግዲህ ስለ ጥያቄያችን መልሳችን ይህ ነው። አንደኛ፥ የሰውን ሕይወት ለማጥፋት እጁን የዘረጋ ሰው በዐይን ሲታይ፥ ሌሎችን ለማዳን ሌላ መንገድ ከታጣ፥ ባለ ሰይፉ ቢመታው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቈጠርም። በ1982 ዓ.ም. (1990) በሃቫና የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ፥ ሕግ አስከባሪዎች ሆን ብለው ለመግደል የሚተኵሱት ሕይወትን ለማዳን ፈጽሞ ግድ ሲሆን ብቻ እንዲሆን መወሰኑ ከዚህ ይስማማል። ሁለተኛ፥ መልክ በመምሰልና በአንድ በር በመውጣት ብቻ ማንም አይገደል፤ ጥርጣሬ ለመያዝና ለመመርመር እንጂ ለመግደል ሥልጣን አይሰጥም። ሦስተኛ፥ ሌላ መንገድ የታጣው በአዛዦች ቸልተኝነት ከሆነ፥ የደሙ ዕዳ ወደ አዛዦቹ ይወጣል።

ከዚህም በኋላ እውነትን የመናገር ግዴታ አለ። ሟቹ ወፍራም ልብስ ለብሶ ነበር፥ የጣቢያውንም መከልከያ ዘሎ ገብቶ ነበር ተብሎ በመጀመሪያ ተወርቶ ነበር፤ በኋላ ግን ስስ ጃኬት እንደ ለበሰ፥ እንደ ማንኛውም መንገደኛ በካርዱ እንዳለፈ ታወቀ። በ2000 ዓ.ም. (2007) ፍርድ ቤት የለንደንን ፖሊስ የሕዝብን ደኅንነት ባለመጠበቅ ጥፋተኛ ብሎ 175 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። በታኅሣሥ 2001 (2008) የሞቱን ምክንያት የመረመሩት የሕዝብ ዳኞች፥ አስቀድመን አስጠንቅቀነው ነበር የሚለውን የፖሊሶችን ቃል አልተቀበሉም። ሆኖም ስለ ሞቱ አንድም ሰው በስሙ አልተከሰሰም፤ በመጋቢት 2008 (2016) የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም ይህ ሕግን አያፈርስም ብሎ 13 ለ4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። የምድር ፍርድ በዚህ አበቃ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ግን ገዳዩ ያልታወቀ ሰው በሜዳ ወድቆ ቢገኝ፥ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎች በእግዚአብሔር ፊት ቆመው ስለ ደሙ እንዲናገሩና ይቅርታ እንዲለምኑ ታዝዞአል። በስም የሚከሰስ ሰው ሲታጣ ደሙ ባለቤት ያጣል ማለት አይደለም፤ የከተማይቱ ሁሉ ይሆናል እንጂ።

ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፥ በጦርነት የገደሉትን አባቶች ከነፍሰ ገዳይ እንዳልቈጠሩአቸው ካስረዳ በኋላ፥ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከሉ መልካም እንደ ሆነ ይመክራል። ሕግ የፈታውን እጅ ንስሐ ገና ይጠብቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ በፖሊስነት የምታገለግሉ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆይ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ የአለቃችሁ መመሪያና የዳኛ ነጻ ማውጣት ይበቃኛል ብላችሁ ከንስሐ አባታችሁ አትራቁ። አለቆችም ሆይ፤ ተኵሱ ከማለታችሁ በፊት እንደ ጌታችሁ ወርዳችሁ እዩ።

እኛስ? ሽብርተኛ ተገደለ ሲባል ማን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ደስ ካለን፥ እኛም ሳንወርድ ሳናይ ፈራጆች ነን። በለንደንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ስንት ልጆቻችን ፊታቸው የዚያን ተፈላጊ ፊት ይመስላል! በዚያች ጧት ከዚያ በር የእኛ ልጅ ቢወጣ ኖሮ ምን እንል ነበር? ለገዛ ልጃችን የምንመኘውን ትዕግሥት ለማናውቀው ሰው ልጅም እንመኝ።

ወርዶ ሳያይ የማይፈርድ አምላክ፥ ሰይፍ ለያዙት ማስተዋልን፥ በግፍ ለሞቱት ሁሉ ዕረፍትን፥ ለእኛም ልቡናን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።