ሙልሙሉን እንቀበል ወይስ እንመልስ?

ጥቅምት አጋማሽ ካለፈ በኋላ በወጣቶች ኅብረት መካከል አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ «ክርስቲያን ሀሎዊንን ማክበር ይችላል ወይ?» ጥያቄው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ ነው። በአዲስ አበባ አጽም የተሳለበት ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ደም አስመስለው ቀብተው የሚጨፍሩ ወጣቶችን ያየ ይጠይቃል። አሜሪካ ያለች አክስቱ ልጆቿ ጭንብል አጥልቀው ከረሜላ ሲሰበስቡ የተነሡትን ፎቶ የላከችለትም ይጠይቃል። በወግዲም ሆነ በመካነ ሰላም በዚያ ምሽት ጭንብል አጥልቆ በር የሚያንኳኳ የለም። ስለዚህ «አይቻልም» ብለን ቶሎ እንዘጋዋለን። መልሱ ምንም አያስከፍለንም።

ምንም የማያስከፍል መልስ ግን ብዙ አያስተምርም። ደጃችንን የሚያንኳኩ ልጆች እኛም ዘንድ አሉ። የሚመጡት በነሐሴ 12 ማታና በነሐሴ 13፣ በቡሄ ነው። ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ችቦ ያበራሉ፣ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ሙልሙል ሲሰጣቸው ቤቱን መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። በዚያ ቀን የወንጌል አማኝ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ልሂድ ሲል ምን ይበለው? ጎረቤት በሰፌድ ሙልሙል ስትልክ ይቀበል ወይስ ይመልስ? ይህ መልስ ያስከፍላል። ስለዚህ ሁለቱን በዓላት ጎን ለጎን አስቀምጠን ቃሉ ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት።

ሥሩን መቆፈር ይበቃል?

ሀሎዊንን የሚቃወም ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከታሪክ ነው። በጥንት ዘመን በአየርላንድና በአካባቢዋ የነበሩ ሕዝቦች የክረምቱን መግቢያ ሳምሄይን በሚባል በዓል ያከብሩ ነበር። ኋላ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1ን የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ አደረገችው፤ ሀሎዊን የሚለው ስምም የዚያ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ስደተኞች ልማዱን ወደ አሜሪካ ወሰዱት፤ በዚያም ዱባው፣ ጭንብሉና ከረሜላው እየደመቁ ሄዱ። «እንግዲህ ሥሩ አረማዊ ስለሆነ ፍሬውም የረከሰ ነው» ይባላል።

ይህ ክርክር ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከምንፈልገው በላይ ያረጋግጣል። ጃንዋሪ ጃኑስ ከተባለ የሮማውያን ጣዖት፣ ማርች ማርስ ከተባለው የጦርነት ጣዖታቸው የተሰየሙ ወራት ናቸው። በእነዚህ ስሞች የሚጽፍ ክርስቲያን ግን ለጣዖት አልሰገደም። ሐዋርያት አዲስ ኪዳንን በግሪክኛ ሲጽፉ እግዚአብሔርን «ቴዎስ» ብለው ጠሩት፤ ግሪኮች ይህንኑ ቃል ለዜውስም ይጠቀሙበት ነበር። ዳንኤልም ብልጣሶር ተብሎ በናቡከደነፆር አምላክ ስም ተሰይሟል (ዳንኤል 4፥8)። ስሙን ተሸክሞ ኖረ፤ በንጉሡ ማዕድ ግን ላለመርከስ ወሰነ። መስመሩን ያሰመረው ስሙ ከወዴት መጣ ብሎ አይደለም።

ቀኑ ራሱም ምስክር ነው። ማርቲን ሉተር 95ቱን የመከራከሪያ ነጥቦች ያወጣው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1517 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ጭንብል የሚያጠልቅበትን ዕለት ሌላው የተሐድሶ መታሰቢያ አድርጎ ይጸልይበታል። ቀን በራሱ አይረክስም፤ በራሱም አይቀደስም።

«ልቤ ንጹሕ ነው» ይበቃል?

ታሪክን ጥሎ ወደ ልብ የሚሮጥም አለ። «እኔ የማስበው መጫወትን እንጂ መናፍስትን አይደለም፤ እግዚአብሔር ልብ ያያል» ይላል። ይህም አይበቃም። በዘጸአት 32 አሮን ጥጃውን ሠርቶ ሲያበቃ ያወጀው ለእግዚአብሔር በዓል እንዲሆን ነበር። ስሙ ትክክል ነው፤ ምናልባት የአንዳንዱም ሐሳብ እንደዚያው ነበር። የተደረገው ግን ለጥጃ መስገድ ነው። በጎ ሐሳብ ስግደቱን አላነጻውም። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ከጌታ ማዕድና ከአጋንንት ማዕድ በአንድነት መካፈል እንደማይቻል ሲያስተምር ተካፋዩ ምን እንዳሰበ አልጠየቀም።

እንግዲህ አንድ ድርጊት ከወዴት እንደመጣ ብቻውን አይፈርድብንም፤ እኔ ምን እንዳሰብኩ ብቻውን ነጻ አያወጣንም። ታዲያ በምን እንመዝን?

የቆሮንቶስ ሥጋና የወሎ ሥጋ

በሌላ አገር ያለ ወጣት 1ኛ ቆሮንቶስን ከምዕራፍ 8 እስከ 10 ሲያነብ ስለ ጥንት ሰዎች የተጻፈ ይመስለዋል። የወሎ ልጅ ግን አንድ ሥጋ በማን ስም እንደታረደ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። ቢሆንም ሁለቱ አይለያዩም። ሰርግ ሲኖር ደጋሹ ለሌላው ሃይማኖት እንግዶች ለብቻው ያሳርዳል፤ በራሳቸው ሰው እጅ ይታረዳል፣ ለብቻው ይሠራል፣ ለብቻው ይቀርባል። እንግዳው «ሥጋችሁን አልበላም» ብሎ ከሰርጉ አይቀርም፤ ደጋሹም «ሥጋዬን ካልበላህ አትምጣ» አይልም። ሁሉም መስመሩን ያውቃል፤ ዘመድነቱም ይቀጥላል።

ጳውሎስ ያስተማረው ከዚህ የጠለቀ ቢሆንም ለዚህ ልማድ እንግዳ አይደለም። አንዱን ሥጋ በሦስት ቦታ አስቀምጦ ሦስት መልስ ሰጠበት። በገበያ የሚሸጠውን ሳትመረምሩ ብሉ አለ። የማያምን ሰው ቤቱ ቢጋብዛችሁ ያቀረበውን ብሉ አለ፤ አንድ ሰው ግን «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካላችሁ ስለዚያ ሰው ሕሊና ተዉት አለ። በጣዖቱ ማዕድ ላይ ተቀምጦ መካፈልን ግን ፈጽሞ ከለከለ። ሥጋው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ድርጊቱ የሚቀርብለት፣ አጠገባችን ያለው ሰውና በእርሱ ላይ የምናደርሰው ነገር ነው።

ከዚህ ሦስት ጥያቄ እናገኛለን። በዚህ ድርጊት ማን ይመለካል፣ ማንስ ይለመናል? የማን ሕሊና ይቆስላል? ለባልንጀራዬስ ፍቅርን ይነግረዋል ወይስ ንቀትን?

ሀሎዊን በእኛ አገር

እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሀሎዊን እንመለስ። መንፈስ አለ ብሎ በማያምን ቤት ያደገ የውጭ አገር ልጅ የመንፈስ ጭንብል ሲያጠልቅ ምናልባት ተረት እየተጫወተ ነው። በዚያ ያሉ ክርስቲያኖችም በጉዳዩ አንድ አይደሉም፤ አንዳንዱ በሩን ይዘጋል፣ አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የመከር በዓል ብሎ ልጆችን ይሰበስባል፣ አንዳንዱ ከጎረቤቶቹ ጋር ከረሜላ ያድላል። እያንዳንዱ ለጌታው መልስ ይሰጣል።

እኛ አገር ግን መንፈስ ተረት አይደለም። ልጇ ሲታመምባት ከሐኪም በፊት ወደ ቃልቻ የምትሮጥ እናት አለች። ቡዳ በላው ተብሎ የሚያለቅስ ቤት አለ። በየዓመቱ ለዛር የሚገብር፣ ግብሩን ካቋረጥኩ እሞታለሁ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። ከመካከላችንም ጨሌውን አቃጥሎ፣ ክታቡን በጥሶ ወደ ጌታ የመጣ ወንድም አለ። የሐዋርያት ሥራ 19 በኤፌሶን የነበሩ አስማተኞች መጽሐፎቻቸውን በሰው ሁሉ ፊት እንዳቃጠሉ ይነግረናል፤ ዋጋው 50,000 ብር ነበር። ያን ያህል ከፍሎ በወጣ ሰው ፊት እንደ ጠንቋይ ለብሶ መሳቅ ቀልድ አይሆንም። የዕብራውያን መልእክት (2፥14-15) ጌታ ሥጋና ደም የተካፈለው በሞት ፍርሃት የታሰሩትን ነጻ ሊያወጣ እንደሆነ ያስተምራል። የእኛ ሥራ እስራቱን መፍታት ነው። የሌላውን እስራት መጫወቻ ማድረግ ፍቅር አይደለም።

ስለዚህ ሀሎዊን ይቅርብን የምለው ከ2,000 ዓመት በፊት በአየርላንድ ስለሆነው ነገር ሳይሆን፣ ዛሬ በጎረቤታችን ቤት ስላለው ፍርሃት ነው።

ቡሄስ?

በእነዚያው ጥያቄዎች ቡሄን እንመዝን። ማን ይመለካል? የበዓሉ ስም ደብረ ታቦር ነው። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ እንደወጣ፣ ፊቱ እንደ ፀሐይ እንደበራ፣ አብም ስለ ልጁ እንደመሰከረ የሚያስብ ነው (ማቴዎስ 17)። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ችቦውን የዚያ ብርሃን፣ የጅራፉን ድምፅ ከደመናው የመጣው ድምፅ ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ። ሙልሙሉንም በዚያ ብርሃን ምክንያት መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ለቆዩ እረኞች ወላጆቻቸው ይዘው ከሄዱት ዳቦ ጋር ያያይዙታል። የእረኞቹ ታሪክ በወንጌል አልተጻፈም፤ የተራራውም ስም አልተጠቀሰም። የተራራው ብርሃን ግን የእኛም ወንጌል ነው። ያን ክብር አንክድም፤ እንዲያውም ከቶ አልበቃንም።

የማን ሕሊና ይቆስላል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በበዓል ስም ስካርና ጠብ ሲያይ የኖረ፣ ከዚያ ሕይወት የወጣ ወንድም ሊኖር ይችላል። እርሱ ቢቆጠብ አንናቀው። ሮሜ 14 የሚበላው በማይበላው ላይ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያዝዛል። በጨዋታው መካከል ከእግዚአብሔር ሌላ የሚለመን ነገር ሲመጣ ደግሞ በትሕትና ዝም ማለት ይቻላል። የሰርጉ እንግዳ ከሌላው ሥጋ አይበላም እንጂ ሰርጉን ረግጦ አይወጣም።

ለባልንጀራዬስ ምን ይነግረዋል? ሙልሙል ስትልክ ጎረቤታችን «ልጅህ ልጄ ነው» ማለቷ ነው። ሰፌዱን ሳንነካ ስንመልስ የምትሰማው ስለ ትምህርታችን ንጽሕና አይደለም፤ እንደናቅናት ነው። ልጆቹ የእኛ ደጅ ሲደርሱ «የጴንጤ ቤት ነው፤ እለፉት» ተባብለው ካለፉ፣ በልባቸው የሚቀረው ጌታ ብርሃን መሆኑ ሳይሆን ጨለማ የሆነው ደጃችን ነው። በገጠር አንድ ሰው ቢታመም በቃሬዛ የሚሸከመው፣ ቢሞት ጉድጓድ የሚቆፍርለት ጎረቤት ነው። የአማኞች ቀብር ችግር በሆነባቸው ቦታዎች ይህን በሚያም መንገድ ተምረናል። ያን ጎረቤት በዓመት አንድ ቀን በሙልሙል ምክንያት ማስቀየም ትንሽ ነገር አይደለም።

«በሩ በትንሹ ከተከፈተ ሁሉም ይገባል» የሚል ይኖራል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሶርያዊው ንዕማን ከዮርዳኖስ ከወጣ በኋላ ምን እንደጠየቀ አስቡ (2ኛ ነገሥት 5)። ከእንግዲህ ለሌላ አምላክ እንደማይሠዋ ተናገረ፤ ከዚያም ጌታው ክንዱን ተደግፎ በሬሞን ቤት ሲሰግድ አብሮ ማጎንበሱ እንዲተውለት ለመነ። ኤልሳዕ በሰላም አሰናበተው። ንዕማን መስመሩን ስለሚያውቅ ሥራውን ትቶ መሸሽ አላስፈለገውም። አደጋው ያለው መስመሩን በማያውቅ ሰው ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በሩን ቢዘጋም በመስኮት ይገባበታል።

ሁለት ፍርሃቶች

ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ከሁለት ፍርሃቶች እንጠበቅ። አንደኛው ጎረቤትን መፍራት ነው፤ «ጴንጤ» እንዳንባል የማናምንበትን ሁሉ አብረን እናደርጋለን። ሁለተኛው የኅብረታችንን ሰዎች መፍራት ነው፤ «ለዘብተኛ» እንዳንባል ፍቅርን እንኳ እንከለክላለን። ሁለቱም ሰውን መፍራት ናቸው፤ የሚለያዩት በሚፈሩት ሰው ብቻ ነው። ሆያ ሆዬ ያለው ሁሉ ደፋር አይደለም፤ ከቤት የቀረውም ሁሉ ቅዱስ አይደለም። እያንዳንዳችን «ይህን የማደርገው ወይም የምተወው ስለማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ቡሄ ከዋለ ክረምት የለም ይባላል፤ ክረምቱ ሳያልፍ ቤተሰብ ተቀምጦ ይነጋገር። ልጁ ለምን እንደሚሄድ ወይም ለምን እንደሚቀር አውቆት ይወስን። የሚሄድ ልጅ ማቴዎስ 17ን አንብቦ ይሂድ፤ የሚዘምረውን ያውቀዋል። የማይሄድም በሩን ከፍቶ ይቆይ። እናቶቻችን ከጎረቤት ጋር ሙልሙል ይጋግሩ፤ የሚመጡትን ልጆች በስማቸው ጠርተን እንስጣቸው፤ ሲመርቁን አሜን እንበል። የተላከልንን ሰፌድም ባዶውን አንመልሰው።

ሀሎዊንን አንቀበልም ማለት ቀላል ነው፤ ማንም አላቀረበልንምና። እምነታችን የሚፈተነው በነሐሴ 13፣ ሰፌዱን ይዛ ደጃችን በቆመችው ጎረቤታችን ፊት ነው።