ለሌላው ድል የሚደክም መሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ መሪነት ሲነሣ አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታሰበን ከፊት የሚቆመው፣ ወንበሩን የያዘው፣ ቃሉ የሚሰማለት ሰው ነው። እኔ ግን ዛሬ ላነሣላችሁ የወደድሁት ከሜዳው ዳር ቆሞ ስለሚውለው ሰው ስለ አሠልጣኝ ነው። አሠልጣኝ አይሮጥም፤ ኳስም አያገባም፤ ሜዳሊያም በአንገቱ አይጠለቅለትም። ድካሙ ሁሉ ሌላው እንዲያሸንፍ ነው። «የስፖርት ወሬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ምን አመጣው?» የሚል ቢኖር፣ ቅዱስ ጳውሎስ የሯጮችን ነገር ለቆሮንቶስ ሰዎች ምሳሌ አድርጎ መጻፉን ያስታውስ (1ኛ ቆሮ. 9፥24-27)። እነርሱ ለሚጠፋ አክሊል ይህን ያህል ሰውነታቸውን ከገዙ፣ የማይጠፋውን የምንጠብቅ እኛማ ምን ያህል ልንተጋ ይገባን ይሆን?

ይህን ርእስ እንድናነሣ የሚያስገድደን ጉዳይ በመካከላችን አለ። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ያለን የሰንበት ተማሪዎች መንገደኞች ነን። አንዱ ትምህርቱን ጨርሶ ይሄዳል፤ ሌላው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ እኅቶቻችንም ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ከተሞቻችን በገባ ጊዜማ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ እንደ ተሰደደ የምናውቀው ነው። እንግዲህ መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ፣ መዝሙሩ በአንድ ሰው ቃል፣ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው በሄደ ቀን ጉባኤው አብሮት ይሄዳል። ሰውየው ትጉህ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ትጉህ አላፈራም። ስለዚህ መሪን ስንመዝን «ምን ሠራ?» ከማለት ጋር «ማንን አዘጋጀ?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

አሠልጣኞች በዚህ ረገድ ምን ያስተምሩናል?

በመጀመሪያ፣ ከትንሹ ነገር መጀመርን ያስተምሩናል። በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ስሙ ገናና የሆነው ጆን ውደን በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲያሠለጥን፣ ከ1956 እስከ 1967 ዓ.ም. በነበሩት 12 የውድድር ዘመናት ውስጥ 10 ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ አግኝቷል። ይህ ሰው በየዓመቱ ልምምድ ሲጀመር ለተጫዋቾቹ አስቀድሞ የሚያስተምራቸው የካልሲና የጫማ አደራረግን ነበር። ካልሲ ከተጨማደደ እግር ይልጣል፤ እግሩ የተላጠ ተጫዋች መሮጥ አይችልም። ከየትምህርት ቤቱ ተመርጠው የመጡ ዝነኞች ወጣቶች ካልሲ ማጥለቅ ሲማሩ አስቡት! እኛስ? አዲስ አባል ሲመጣ ስለ ታላላቅ ምሥጢራት እንነግረው ይሆናል፤ ግን እንዴት እንደሚሰገድ፣ ነጠላ እንዴት እንደሚጣፋ፣ በሰዓቱ መገኘት ምን ማለት እንደ ሆነ በትዕግሥት ያሳየው ማን ነው? በጥቂቱ የታመነ በብዙው ላይ እንደሚሾም ጌታችን በመክሊቱ ምሳሌ አስተምሮናል (ማቴ. 25፥21)።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የተሰወረውን አገልጋይ ማክበርን ያስተምሩናል። ዲን ስሚዝ የሚባለው አሠልጣኝ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ቡድን 36 ዓመት መርቷል። በእርሱ ቡድን ነጥብ ያስቆጠረ ተጫዋች ኳሱን ወዳቀበለው ጓደኛው በጣቱ እንዲያመለክት ይጠበቅበት ነበር። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ላስቆጠረው ነው፤ አስቆጣሪው ግን ጭብጨባውን ለአቀባዩ ያካፍላል። በእኛም ቤት በበዓል ቀን ከፊት ቆሞ የሚዘምረው ይታያል። ምንጣፉን ያነጠፈው፣ አልባሳቱን ያጠበችው፣ ወረቀቱን ያባዛው ግን ማን ያያቸዋል? ምስጋናን ለራሱ ብቻ የሚሰበስብ ኃላፊ ነገ ብቻውን ይቀራል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሦስተኛው ትምህርት ተስፋን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አለመጣል ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን። ያሠለጠነው ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ነበር። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ በተደረገው ውድድር አበበ ተጎድቶ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። የኢትዮጵያ ድል ግን አላቋረጠም፤ ማሞ ወልዴ በዚያው ሩጫ አንደኛ ወጣ። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ጀግና እያለ ሌላ ሰው ማዘጋጀት ትርፍ ድካም ይመስል ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን አገር የቆመችው በተዘጋጀው በሌላው ሰው ነው። ሊቀ ነቢያት ሙሴም ሞቱ በቀረበ ጊዜ ሕዝቡ እረኛ እንደሌለው በግ እንዳይሆን የሚተካውን ሰው ከእግዚአብሔር ለመነ፤ በኢያሱም ላይ በሕዝቡ ሁሉ ፊት እጁን ጫነ (ዘኍ. 27፥15-23)። ምትኩን በአደባባይ ማቆም ክብሩን አልቀነሰበትም።

አራተኛው ትምህርት ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም ያሳደጉትን ማስረከብ ነው። በአርሲ በቆጂ የምትባል በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የብርድ አገር ከተማ አለች። በዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ የገበሬውን ልጅ በማለዳ እየሰበሰቡ ሩጫ አስተማሩ። ከእጃቸው ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። ደራርቱ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ደግሞ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን 4 የወርቅ ሜዳሊያዎች በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያመጧት ሁለቱ የበቆጂ ልጆች ቀነኒሳና ጥሩነሽ ነበሩ።

ልብ በሉ! ልጁ መሮጥ በጀመረ ጊዜ በብርዱ ሜዳ አብረውት የነበሩት መምህሩ ናቸው። ጉልበቱ ሲጠና ግን ወደ አዲስ አበባ ወደ ክለብ ይሄዳል፤ ከዚያም እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያሉት የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች ይቀበሉት ነበር። መምህሩ ተማሪውን ሸኝተው በማግሥቱ ማለዳ ገና መሮጥ ያልቻለውን ሌላ ሕፃን ይዘው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። «እኔ ያሳደግሁት ነው፤ ከእኔ አይለይም» ቢሉ ኖሮ እነዚያ ልጆች የበቆጂ ሯጮች ብቻ ሆነው በቀሩ ነበር።

ይህ የመጥምቀ መለኮት የቅዱስ ዮሐንስ መንገድ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሁለቱ ጌታን ተከትለው ሲሄዱ አልከለከላቸውም፤ እንዲያውም የእግዚአብሔርን በግ ያሳያቸው እርሱ ነው (ዮሐ. 1፥35-37)። ሰዎች «ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳሉ» ብለው በቅንዓት ሲነግሩትም፣ እርሱ ከፍ እንዲል እኔ ዝቅ ማለት አለብኝ የሚል መልስ ሰጠ፤ ደስታውም ያን ቀን ተፈጸመ (ዮሐ. 3፥26-30)። እንግዲህ ወንድሜ፣ አንተ መዝሙር ያስተማርኸው ልጅ ካንተ የተሻለ ድምፅ ቢኖረው ትደሰታለህን? አንቺስ እኅቴ፣ ትናንት ያነጋገርሻት ዓይን አፋር ልጅ ዛሬ በጉባኤ ቆማ ስታስተምር ልብሽ ያርፋልን? ልባችን በዚህ ጥያቄ ከታወከ ያገለገልነው እግዚአብሔርን ሳይሆን ወንበራችንን እንዳይሆን ያሰጋል።

በመጨረሻም የወደቀውን አለመተው ነው። አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ ለሜዳሊያ የሚፈለግ ሰው አልነበረም። ኒስካነን ግን አልተወውም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ እንዲወዳደር አበረታው፤ አበበም በእንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። ጌታችንም ሦስት ጊዜ የካደውን ጴጥሮስን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፈልጎ አግኝቶ በጎቹን አደራ ሰጠው (ዮሐ. 21፥15-17)። ከጉባኤያችን የቀሩ ስንት ናቸው? ከስማቸው አጠገብ በመዝገብ «ቀሪ» ብለን ከመጻፍ በቀር ደጃቸውን ያንኳኳ አለን?

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ከእርሱ የሰማውን ሌሎችን ሊያስተምሩ ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ አዞታል (2ኛ ጢሞ. 2፥2)። በዚህች በአንዲት ትእዛዝ ውስጥ አራት ትውልድ አለ፤ ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑት ሰዎችና ሌሎቹ። እኛም ዛሬ በዚህ ሰንሰለት መካከል ነን፤ የአንዱ ቀለበት መበጠስ የሚቀጥለውን ሁሉ ይጎዳል።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንዲህ ብናደርግ መልካም ነው። የክፍል ኃላፊ የሆነ ሁሉ ከታናናሾቹ ሁለት ሰዎችን ይያዝ፤ በወር አንድ ቀን ሥራውን ለእነርሱ ሰጥቶ እርሱ ከኋላ ይቀመጥ። በቃል ብቻ ያለው መዝሙር ይጻፍ፤ የመዝገቡም ግልባጭ በሁለተኛ ሰው እጅ ይኑር። ከመካከላችን የሚሄድ ሲኖርም ከመሸኘታችን በፊት «አደራህን ለማን ሰጠህ?» ብለን እንጠይቀው። ታናናሾችም ሲጠሩ «እኔ አልችልም» ብለው አይሽሹ፤ ደራርቱም አንድ ቀን በበቆጂ ሜዳ ላይ ጀማሪ ነበረች።

የሚሄድ ሁሉ ሊሄድ ይችላል፤ ጉባኤው ግን መቅረት የለበትም። ያለ እኛ የሚቆም ጉባኤ ትተን ለመሄድ እንድንበቃ፣ ሥራችንን የሚያዩ ሁሉ እኛን ሳይሆን ጌታን እንዲያመሰግኑ፣ አምላካችን ይርዳን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከእኛ ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።