ጉቶውን አትንቀሉት

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዘመኑ ጠባይ እንደተለወጠ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። በልግ መጣ ሲሉት ይቀራል፤ ክረምቱም ዘግይቶ ይገባና የወሩን ዝናብ በአንድ ቀን አውርዶት ያልፋል። ምድር በሞቀች ቁጥር መሬቱ እርጥበቱን ቶሎ ይነጠቃል፣ ዝናቡም ሲመጣ በኃይል ይመጣል ይላሉ የተማሩት። እኛ ግን ዓመት ከዓመት ለመድነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ኤልኒኖ ያሉት ዝናቡን ነስቶን፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የእህል እርዳታ ጠበቀ። እንዲህ ባለ ዓመት ማሳው የከዳው ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ጫካው ነዋ! ግራሩን ጥሎ ያከስላል፤ ወይራውን ፈልጦ ገበያ ያወጣል። አልፈርድበትም፤ ልጁ በረሃብ እያለቀሰ የከርሞን የሚያስብ አባት ከየት ይገኛል? ዕዳው ግን ይከተለዋል። የተራቆተ ተራራ ውሃ አያቆይም። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፣ የታችኛው ማሳ ቦረቦር ይሆናል፣ ምንጩም ገና በጥር ይነጥፋል። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ጥቂት ባነሰ ቁጥር ድርቅ ነው፤ ድርቁም መልሶ ወደ ጫካው ይሰደናል።

ችግኝ መትከልን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ደስ ብሎኛል። ዳሩ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን። አዲሱ ችግኝ ገና ከፍየልና ከበጋ ጋር ይታገላል፤ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ግን ሥሩን አጥልቆ ሰድዶ ተቀምጧል፤ የሚፈልገው እንዲያቆጠቁጥ እንድንተወውና እንድንመለምለው ብቻ ነው።

የወላይታ ሁምቦ ገበሬዎች ይህን አይተዋል። ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ። ከየጉቶው ካቆጠቆጠው ጠንካራ ጠንካራውን እያስቀሩ ቀሪውን መለመሉ፤ የመለመሉትን አነደዱት፣ ሣሩንም አጭደው ለከብቶቻቸው ወሰዱ። ተራራው ለበሰ። ማኅበሮቻቸውም ደኑ ላመቀው ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ አገኙ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት አባቶች ይህን ቢያዩ ደስ ባላቸው።

እኛም እንደ ሁምቦ ተራራችንን እንከልል ስል ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። መከለል ለባለ በሬው ቀላል ነው። ከሰል ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገዋ እናትስ? በዕድር ተሰብስበን ‹ማንም እንዳይቆርጥ› ብለን ብንወስን፣ ቅጣቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው፤ በሌሊት መቁረጧም አይቀርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እንግዲህ ተራራው ሲከለል ሣሩን መጀመሪያ የምታጭደው እሷ ትሁን፤ ጥበቃውም ደመወዝ ካለው ለእሷ ልጅ ይሰጥ፤ ቀፎም ከዕድሩ ሣጥን ተገዝቶ በስሟ ይሰቀል። የክለላው መተዳደሪያ ደንብ ሲጻፍ ይህ ከቅጣቱ አንቀጽ በፊት ይግባልኝ።