የሌባ የልጅ ልጅ

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ከ160 ሺህ በላይ እስረኞችን ወደ አውስትራሊያ አጋዘች። ብዙዎቹ ተራ ሌቦች ነበሩ። ልጆቻቸው አፍረው ወሬውን ቀበሩት። ዛሬ ግን የእንግሊዝን የችሎት መዝገብ አገላብጦ ሌባ ቅድመ አያት ያገኘ ሰው ደስታውን አይችለውም!

እኔ «ያባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል አልወድም። የሞተ ሰው ስርቆት የልጅ ልጁን ማሳፈር የለበትም። ሊያኮራውስ? ጥፋትም ሙገሳም በደም አይተላለፍም።

መሬት ግን ይተላለፋል። ቅጣታቸውን ሲጨርሱ መሬት የተሰጣቸው ነበሩ፤ መሬቱ ደግሞ የነባሩ ሕዝብ ነበር። መሐረብ የሰረቀ 7 ዓመት ተፈረደበት፤ ስለ መሬቱ ማን ተከሰሰ? እንግዲህ ዘር ቆጣሪው ወዳጄ፣ «አያቴ ማን ነበር?» ካልክ አይቀር፣ «ከአያቴ በፊት እዚህ ማን ነበር?» ብለህም ጠይቅ።