ሰም ሐሰት ነውን? ስለ ተዋንያን ፊት

ሰው የራሱ ያልሆነውን ፊት ለብሶ፣ የራሱ ባልሆነ ስም ተጠርቶ፣ ሳይገድል ገደልሁ፣ ሳይዘርፍ ዘረፍሁ እያለ በሕዝብ ፊት ቢቆም ሥራው ከሐሰት ይቈጠራልን? ወይስ ሌላ ስም ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ግሪኮች በቴአትር መድረክ ላይ የሌላውን ሰው ነገር የሚናገረውን ተጫዋች «ሂፖክሪቴስ» ይሉት ነበር። ይኸው ቃል በወንጌል ውስጥ ሲገኝ በግዕዝ «መድልው»፣ በአማርኛ «ግብዝ» ተብሎ ተተረጐመ። እንግዲህ በአንድ ቃል ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች አብረው ኖረዋል፤ አንደኛው ተመልካቹ ዐውቆት የሚጫወት ተዋናይ ነው፤ ሁለተኛው ማንም ሳያውቅበት በጽድቅ ልብስ የሚሸሸግ ግብዝ ነው። ቤታቸው አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው ሁለቱን ለይቶ ሳይመረምር በአንድነት ይፈርድባቸዋል።

በኢትዮጵያም ይህ ጥርጣሬ ታይቷል። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። ሥጋና ደም የሌለው ሰው በነጭ ሸራ ላይ ሲሄድና ሲስቅ ያየ ሰው ነገሩን ከምትሐት ቢቈጥረው አይፈረድበትም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥትም (1909–1922 ዓ.ም.) በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት ወደ ቴአትር አምጥተው ባሳዩ ጊዜ ጨዋታው ተከለከለ። የተከለከለበት ምክንያት ግን ሐሰት ስለ ሆነ አልነበረም። ሰሙ አውሬ ነበር፤ ወርቁ ግን ሰው ነበርና ሰሚው ገባው፤ ስለ ገባውም ተቈጣ።

የጥያቄው ክብደት ይታወቅ ዘንድ ነገሩ በምሳሌ ይቅረብ። ሁሩታ በአርሲ ምድር በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ የምትገኝ፣ ስንዴና ገብስ የሚሸጥባት የገበያ ከተማ ናት። በዚች ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ ይኑር፤ ትምህርቱን የጨረሰ አንድ ልጅም ይኑረው። ልጁ ባርኔጣ ደፍተው፣ በፈረስ ተቀምጠው፣ በአቧራ ውስጥ የሚታኰሱትን ሰዎች ፊልም እያየ ያደገ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን «አባቴ ሆይ፤ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ» አለው። አባትዬውም ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «ልጄ፤ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ በሚዛን ፊት ቆሜ እህል ስሸጥ ኖርሁ። ሚዛኔ ቢያጐድል ገዢው ይከሰኛል። አንተ ግን ልትሸጥ የተነሣኸው ፊትህን ነው። ያልሆንኸውን ነኝ ብለህ ለምታገኘው እንጀራ ሚዛኑ ወዴት ነው?» ልጁ መልስ አጣ። የአባቱ ጥያቄ የስድብ ሳይሆን የእውነት ጥያቄ ነበርና ሚዛኑ ሊፈለግለት ይገባል።

ልጁ የወደዳቸው ፊልሞች በስማቸው የአሜሪካ ምዕራብ ናቸው፤ በሥራቸው ግን ብዙዎቹ የአውሮፓ ናቸው። ኢጣልያኖች ከስፔንና ከጀርመን ማኅበሮች ጋር እየተባበሩ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (የፊልሞቹ ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በመቶ የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ሠሩ። ብዙዎቹ የተነሡት በደቡብ ስፔን በአልሜሪያ አውራጃ፣ ታበርናስ በሚባለው ደረቅ ምድር ነው። ስለዚህ በነዚህ ሥራዎች ተዋናዩ ብቻ ሳይሆን ምድሩም የሌላ ምድር ስም ለብሷል። የስምጥ ሸለቆን ሜዳ፣ ግራሩንና አቧራውን ለሚያውቅ የአዳማ መንገደኛ እንኳ ያ ምድር እንግዳ ሊሆንበት አይችልም።

ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 «ለአንድ እፍኝ ዶላር» የተባለውን ፊልም ባወጣ ጊዜ ስሙን ቦብ ሮበርትሰን ብሎ ጻፈ። የሽፍቶቹን አለቃ ራሞንን ሆኖ የተጫወተው የሚላኖው ተወላጅ ጃን ማሪያ ቮሎንቴ ጆን ዌልስ ተባለ፤ ዜማውን የደረሰው ኤንዮ ሞሪኮኔም ዳን ሳቪዮ ተባለ። ይህን ያደረጉት ተመልካቹ ፊልሙን የአሜሪካ ሥራ ነው ብሎ እንዲገዛ ነው። እዚህ ላይ ፍርዱ አያስቸግርም፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው እንዳያውቅ ሆኖ የተሸጠ ነገር በሁሩታ ገበያም ቢሆን ማጭበርበር ይባላል። ስንዴው መልካም መሆኑ በጆንያው ላይ የተጻፈውን የሐሰት ስም እውነት አያደርገውም።

ነገር ግን ስም መለወጥ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለው በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ የተታለለ ሰው አልነበረም። የፈረስ ስም ባለቤቱን አይሸሽገውም፤ ይልቁንም ይገልጠዋል። በ1950 መቶ ሜትር ዋናን ከአንድ ደቂቃ በታች የፈጸመ የመጀመሪያው ኢጣልያዊ፣ በ1952 እና በ1956 በኦሊምፒክ የተወዳደረው የኔፕልሱ ካርሎ ፔደርሶሊ በፊልም ቡድ ስፔንሰር ተባለ። የቬኒስ ልጅ ማሪዮ ጂሮቲም ቴረንስ ሂል ተባለ። ስማቸው በመጀመሪያ የገበያ ጭንብል ነበረ፤ ኋላ ግን ዓለም ሁሉ ማንነታቸውን ዐወቀ፤ ዐውቆም በዚያው ስም ጠራቸው። እንግዲህ አንድ ስም ከማታለያነት ወጥቶ የፈረስ ስም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ የሚለየውም የተመልካቹ ዕውቀት ነው። ከሚፈለገው ሚዛን አንዱ ድንጋይ እዚህ ተገኘ።

ሁለተኛው በቅኔ ቤት ይገኛል። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ በሰም ቅርጽ ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ቀልጦ በሰሙ ስፍራ ይገባል። ስለዚህ ሰም ለወርቅ መንገድ ነው እንጂ የወርቅ ጠላት አይደለም። ባለ ቅኔው ስለ አንበሳ ተናግሮ ስለ ንጉሥ ቢያስብ፣ ስለ ወይን ተክል ተናግሮ ስለ ሰው ልጅ ቢያስብ ሐሰተኛ የሚለው የለም፤ ሰሚው ሰም መሆኑን ዐውቆ ወርቁን ይፈልጋልና። ነውር የሚሆነው ሰሙ ብቻውን ሲቀር ነው። ያን ጊዜ መምህሩ «ወርቁ ወዴት አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪውም ያፍራል። ተዋናይም እንዲሁ ነው። ፊቱ ሰም ነው፤ በሰሙ ውስጥ የሚፈስ የሰው እውነት ከሌለ ግን ያሳየው ባርኔጣና ጢስ ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት የዉዲ ስትሮድን ነገር መመልከት ይበቃል። ዉዲ ስትሮድ በ1914 በሎስ አንጀለስ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ጥቁሮች ከታላቁ የአሜሪካ እግር ኳስ ማኅበር ለዓመታት ተለይተው ከቈዩ በኋላ በ1946 መልሰው ከገቡት መጀመሪያዎች አንዱ እርሱ ነበር። በ1960 በወጣው «ስፓርታከስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ድራባ የተባለውን ኢትዮጵያዊ ባሪያ ሆኖ ተጫወተ። ድራባ በሮማውያን ፊት ባልንጀራውን እንዲገድል ታዝዞ ጦሩን በጌቶቹ ላይ የመለሰና ስለዚህ የሞተ ሰው ነው። ስትሮድ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ነገር ግን ባርነት በዘሩ ላይ ያለፈ ሰው ባሪያውን ሆኖ ሲቆም በሰሙ ውስጥ የገባው ወርቅ የራሱ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ወደ ኢጣልያ ተሻገረ። በ1968 ሊዮኔ በሠራው «ከዕለታት አንድ ቀን በምዕራብ» በተባለው ፊልም መጀመሪያ ላይ በባቡር ጣቢያ ከሚጠብቁት ሦስት ነፍሰ ገዳዮች አንዱ ሆኖ ይታያል። ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ በራሱ ላይ ሲወርድ ባርኔጣውን ይደፋል፤ ውኃው ጠብ ጠብ እያለ በባርኔጣው ላይ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻም ይጠጣዋል። አንዳች ቃል ሳይናገር ጥቂት ደቂቃ ታይቶ ይሞታል፤ ተመልካቹ ግን ያንን ፊት አይረሳውም። በዚያው ዓመት ቫሌሪዮ ዙርሊኒ በሠራው ፊልም የኮንጎውን ፓትሪስ ሉሙምባን በሚያስታውስ መሪ አምሳል ዋናውን ስፍራ ይዞ ተጫወተ። አንድ ፊት በአንድ ዓመት ነፍሰ ገዳይም ተገዳይም ሆነ። በነፍሰ ገዳይነቱ የጠላው፣ በተገዳይነቱም ያመሰገነው ሰው ቢኖር ሁለቱም ፍርድ በሰሙ ላይ የወደቀ ነው። ሰውዬውን መመዘን የሚገባው በሁለቱም ውስጥ ባፈሰሰው ወርቅ ነው።

የቮኔታ ማክጊ ነገር ደግሞ ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይቀርባል። ይህች በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት በ1968 ሰርጂዮ ኮርቡቺ በሠራው «ታላቁ ዝምታ» በተባለው ፊልም ፓውሊን የተባለችውን መበለት ሆና ተጫወተች። ታሪኩ የሚፈጸመው በአቧራ ሳይሆን በበረዶ ውስጥ ነው። በሰው ራስ ላይ የተቈረጠውን ገንዘብ ለመቀበል ሰው እያደኑ የሚገድሉ ሰዎች በሕግ ስም ባሏን ይገድሉባታል፤ እርሷም ደሙን የሚመልስላትን ትፈልጋለች። የሚረዳት ሰው በልጅነቱ ጕሮሮው ተቈርጦ መናገር የማይችል ነው፤ እርሱን የተጫወተው ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ትረንቲኛን ነው። በመጨረሻም ሁለቱም ይሞታሉ፤ ገዳዮቹም የሕግ ወረቀታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ልብ ወለድ ነው፤ ሆኖም ሕግና ፍትሕ አንድ እንዳይደሉ የሚያውቅ ተመልካች ሐሰት ተነገረኝ ብሎ አይወጣም።

ይህችው ሴት ከአምስት ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ምድር ተገኘች። በ1973 የወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ከፊሉ በኢትዮጵያ የተነሣ ሲሆን፣ አፍሪካውያንን እያታለሉ ወደ አውሮፓ ወስደው ጕልበታቸውን ስለሚሸጡ ሰዎች ይናገራል። ቮኔታ ማክጊ በዚያ ፊልም የአንድ ኢትዮጵያዊ አሚር ልጅ ሆና ዓለሜ ተባለች። በዚያው ፊልም የኢትዮጵያ ቴአትር ሰው ደበበ እሸቱ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫወተ። እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው ቆም ይላል። አንዲት የተሸጡ ሰዎች ዘር የኢትዮጵያዊት ስም ለብሳ ስለ ሰው መሸጥ በሚናገር ነገር ውስጥ ቆማለች፤ ኢትዮጵያዊውም በአጠገቧ በገዛ ምድሩ ላይ ቆሟል። ድራባን ሌላ ሰው ተጫወተው፤ ዓለሜንም ሌላ ሰው ተጫወተችው፤ ዋሳን ግን የሀገሩ ሰው ተጫወተው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ባዕድ የኢትዮጵያዊን ፊት አይልበስ የሚል አይደለም፤ ስትሮድ ድራባን ሲለብስ አላዋረደውምና። ነገር ግን የሀገር ልጅ ሁሉ ይህን ሥራ ነውር ነው ብሎ ቢሸሽ የሀገሩ ፊት ለዘወትር በሰው እጅ ይቀራል። የራሱን ሰም የማይሠራ አንጥረኛ ወርቁ በሌላው ቅርጽ ይፈስሳል።

ለተዋናዩም የተዘጋጀ ወጥመድ አለ። በነዚህ የኢጣልያ ፊልሞች እያንዳንዱ ተዋናይ በየቋንቋው ይናገር ነበር፤ ኋላ ግን ድምፁ ተወስዶ የሌላ ሰው ድምፅ በአፉ ላይ ይለጠፍ ነበር። ፊቱ የርሱ፣ ቃሉ የሌላ ይሆናል። ይህ በሥራ ወገን ጥበብ ነው፤ በኑሮ ወገን ግን አስፈሪ ምሳሌ ነው። ብዙ ፊት የለበሰ ሰው አንዱ ፊት ተጣብቆ ይቀርበታል፤ በመድረክ ትዕቢተኛን የተጫወተ በቤቱም ትዕቢተኛ ይሆናል፤ በሸራ ላይ የተመሰገነ ጀግና ያልሠራውን ጀግንነት በጎረቤቱ ላይ ይኰራበታል። ያን ጊዜ ሰሙ አልቀለጠም፤ ተዋናዩም ግብዝ ሆነ፤ ሁለቱ በአንድ ቃል ቤት የኖሩት ሰዎች እንደገና አንድ ሆኑ። ልዩነታቸው ይኸው ነው፤ ተዋናይ ጭንብሉን አውልቆ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ግብዝ ግን ከነጭንብሉ ይተኛል።

እንግዲህ የሁሩታው ነጋዴ ለጠየቀው ሚዛን ሦስት ድንጋዮች ተገኙ። የመጀመሪያው፣ የሚያየው ሰው ሰም መሆኑን ያውቃልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በሰሙ ውስጥ የሚገባ ወርቅ አለን? የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ሥራው ሲፈጸም ሰሙ ይቀልጣልን? የሚል ነው። ሦስቱን የሚያሟላ ሰው በሽፍታ ልብስ ቢታይም እውነተኛ ነው፤ ሦስቱን ያጐደለ በካባና በጥምጥም ቢታይም ሐሰተኛ ነው። ይህ ሚዛን የተሠራው ለተዋናይ ቢሆንም ዳኛውም፣ ነጋዴውም፣ መምህሩም ቢቆሙበት ያው ይመዝናል።

አባት ይህን ከተረዳ ልጁን ምርቃት ሊነሣው አይገባም፤ ልጁም መንገድ ሲጀምር የአባቱን ጥያቄ ከስንቁ ጋር ሊይዘው ይገባል። መቶ ጊዜ ገዳይ፣ መቶ ጊዜ ተገዳይ ቢሆን ግድ የለም። ከመድረክ ወርዶ ወደ ሁሩታ በተመለሰ ቀን ግን እናቱ ከደጅ ቆማ ፊቱን ባየች ጊዜ ማንንም ሳትጠይቅ «ልጄ ነው» ብላ የምትቀበለው ሰው ሆኖ ሊገኝ ይገባዋል።